ሂዩማኒስት ማኅበር ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ ተንታኝ ስለ ኖርዌይ ሂዩማኒስት ማኅበር ሲያወራ «የኢአማኞች ቤተ ክርስቲያን» አለው። አላበቃም። «ካላመኑ ምን ሊሠሩ ይሰበሰባሉ?» ብሎ ሳቀ። ይቺን ቀልድ ስንቴ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቅም። (ሂዩማኒስት ማለት በአምላክ ሳያምን፣ በማመዛዘንና ለሰው በማሰብ በጎ ኑሮ ለመኖር የሚጥር ሰው ነው እንጂ እርዳታ አከፋፋይ አይደለም።)

ወንድሜ፣ የሰፈርህ እድርስ ምን ሊሠራ ይሰበሰባል? ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ የእድሩ ነው። መዋጮ ትከፍላለህ፣ ቀብር ከቀረህ ትቀጣለህ። በብዙ እድር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ አለ። ስለ ወዲያኛው ዓለም ምን ታስባለህ ብሎ የሚጠይቅህ ዳኛ የለም። ቁም ነገሩ ለቅሶ ቤቱ ሰው እንዳያጣ ነው። ታዲያ እድርን ሃይማኖት ነው ያለ ማን አለ?

እርግጥ ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። እድሩ ድንኳን ይተክላል እንጂ ፍትሐቱን ለቄሱ፣ ሶላቱን ለኢማሙ ይተዋል። ሟቹ ሁለቱንም የማይፈልግ ከሆነስ? ማን ቆሞ ይናገርለት? ሂዩማኒስት ማኅበር የሚገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። የኖርዌዩ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1956 ተመሠረተ፤ አባላቱ ከ100 ሺህ በላይ ናቸው። ስም ማውጣት፣ ሠርግና ቀብር ያሰናዳል። ከሁሉ የታወቀው ግን የወጣቶች ሥነ ሥርዓቱ ነው፤ እሱ እንዲያውም ማኅበሩን ቀድሞ በ1951 ነው የተጀመረው። የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ሰብአዊ መብት ኮርስ ይወስዳሉ። ከዚያ ዘመድ አዝማድ አዳራሽ ይሞላል፣ ንግግርና ሙዚቃ ይሰማል፣ ድግሱ ይቀጥላል። ልጁ ካደ አይባልም። አደገ ነው የሚባለው።

ጥቅሙስ? ተመራማሪዎቹ ቻዩን ሊም እና ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት፣ አዘውትሮ ወደ አምልኮ ቦታ የሚሄድ ሰው በኑሮው ይበልጥ የሚረካው በዋናነት እዚያ ጓደኞች ስላሉት ነው ብለዋል። ሂዩማኒስቶች ይህን ሲሰሙ ይፈነድቃሉ። ቀስ! ውጤቱ የበረታው ሃይማኖታቸውን የማንነታቸው ትልቅ አካል አድርገው በሚያዩት ላይ ነው። ስለዚህ በወር አንዴ ቡና ጠጥቶ መለያየት ያንኑ ያህል ያረካል ብዬ አልምልም። ደግሞም ማኅበር የሚገባው መጀመሪያውኑ ሰው የሚወድ፣ ደስተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ለአጥኚዎች የዘወትር ራስ ምታት ነው።

ተንታኙ ግን ይህን አልጠየቀም። የጠየቀው ምን ይሠራሉ ብሎ ነው። ወንበር ይደረድራሉ። ሙዚቀኛ ይፈልጋሉ። ንግግሩ ረዘመ ብለው ያጉረመርማሉ።