የቱና ሰላጣና የጨው ልኩ በአዲስ አበባ ዳርቻ

የቱና ሰላጣ ከታሸገ ቱና፣ ከቲማቲም፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሎሚ የሚሠራ፣ ምድጃ የማያስፈልገው ምግብ ነው። ቱና የባሕር ዓሣ ስለሆነ ከጣናም ከሐዋሳም አይወጣም፤ ከውጭ ታሽጎ ይገባል። በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከሥራ አምሽቶ ለሚገባ ሰው ወጥ ከመሥራት ይልቅ ጣሳ መክፈት ይቀለዋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ እንዳለ ሆኖ፣ የሚበሉትም ማዮኔዝ እንቁላል ስላለበት በዘይትና በሎሚ ይተኩታል። ጣዕሙም በዚህ የተሻለ ይመስለኛል።

ሰላጣውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጨው ነው። ጨዉ ዓሣውን ከመበላሸት የሚጠብቀው የሚመስላቸው ሰዎች ለማጠብ ይፈራሉ። ቱናውን ለዓመታት የሚያቆየው ግን ጣሳው ከታሸገ በኋላ የሚያልፍበት ከፍተኛ ሙቀት ነው፤ ጨው በዋናነት የሚገባው ለጣዕም ነው። በጨው ውሃ የታሸገው ፈሳሹ ተደፍቶ፣ በማጥለያ ላይ ተለቅልቆ ጨመቅ ሲደረግ ጨዉ በጉልህ ይቀንሳል። በዘይት የታሸገው ያስቸግራል፤ ጨው በዘይት ስለማይሟሟ ዘይቱ ቢደፋም ጨዉ ከዓሣው ጋር ይቀራል። ለዚህኛው የሚበጀው ያለ ጨው የተቀቀለ ድንች ወይም አቮካዶ መጨመር ነው። ስኳር ነስንሶ ለማስታገስ የሚሞክርም አለ፤ ምላስን ያታልላል እንጂ ጨዉን አይቀንስም።

በዳርቻው ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ማለቅለቂያው ብዙ ጊዜ ከጀሪካን ወይም ከበርሜል የሚቀዳ ነው። ቱናው ዳግመኛ እሳት ስለማያይ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። የሰላጣ ቅጠሉም ጥንቃቄ ይሻል፤ በከተማዋ ዙሪያ በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት አለና።

ቲማቲም ላይ አስቀድሞ ጨው መነስነስ ውሃውን አስለቅቆ ሰላጣውን ያረጥበዋል። ይልቅ ሽንኩርቱን በሎሚ ወይም በአቼቶ ነክሮ ማቆየት ይሻላል፤ ኮምጣጣው ጥቂቷን ጨው ጎልታ እንድትሰማ ያደርጋል። ሁሉም ከተደባለቀ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ይቀመሳል፤ ጨው የሚጨመረው ያኔ ነው፣ ከተፈለገ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። በጣሳው ላይ የሚጻፈው ሶዲየም በ2.5 ሲባዛ የጨዉን መጠን ይሰጣል፤ 400 ሚሊግራም ሶዲየም 1 ግራም ጨው ማለት ነው። አብሮ የሚበላው ዳቦም የራሱ ጨው አለው።

የተረፈው ከጣሳው ወጥቶ፣ በሚከደን ዕቃ ሆኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን በአንድ ማዕድ የሚያልቀውን ያህል ብቻ መሥራት ይመረጣል፤ ቱና ሙቀት ላይ ሲቆይ የሚፈጠረው፣ ሰውን የሚመርዘው ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር መልሶ በማሞቅ አይጠፋም።