ለታዳጊ ልጅ ብስክሌት ሲገዛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጁ 12 ወይም 14 ዓመት ሞልቶታል። የድሮው ብስክሌት አንሶት ጉልበቱ ከመሪው ጋር እየተጋጨ ነው። አዲስ ይገዛለት ተብሎ ቤት ውስጥ ተወስኗል። ከዚያ በኋላ ምክር ይዘንባል። አጎት የሚለው አለው፣ ጎረቤት የሚለው አለው፣ ሻጩም የሚለው አያጣም። ከሚባለው ውስጥ ግን ገንዘብ የሚያስበላና ልጁን ከብስክሌት የሚያራርቅ ብዙ ነው።

የእኔ አቋም አጭር ነው። ብስክሌት የሚመረጠው ልጁ ዛሬ ላለው እግርና በየቀኑ ለሚሄድበት መንገድ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው። እስቲ በብዛት የምንሰማቸውን እንያቸው።

«ተለቅ ያለ ይሁን፣ ያድግበታል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዩኒፎርም ሲሆን ያስኬዳል፤ እጅጌው ይታጠፋል፣ ወገቡ በቀበቶ ይያዛል። ብስክሌት ግን አይታጠፍም። ቴላዮው፣ ማለትም ሁሉን የተሸከመው የብስክሌቱ ዋና ብረት፣ ትልቅ ከሆነ ልጁ ወደ መሪው ተንጠራርቶ ነው የሚነዳው። ጣቱ ፍሬን ላይ በደንብ አይደርስም። ድንገት ቁም ሲባልም እግሩ መሬት አያገኝም። እስኪያድግበት ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ሁለቴ ከወደቀ ብስክሌቱ በረንዳ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሱቅ ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ሁልጊዜ የሚያደርገውን ጫማ ያድርግ። ብስክሌቱን በሁለት እግሮቹ መካከል አድርጎ፣ ሳይቀመጥ፣ ከመቀመጫው ፊት ለፊት ይቁም። ሁለቱም ተረከዞቹ መሬት ይንኩ። አሁን ጎንበስ ብላችሁ በብሽሽቱና በላይኛው የቴላዮ ብረት መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ለከተማ ብስክሌት ሁለት ጣት ያህል፣ ማለትም 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ለማውንቴን ብስክሌት፣ ማለትም ለአባጣ ጎርባጣ መንገድ ለተሠራው፣ 5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። ክፍተት ከሌለ ልጁ ፍሬን ይዞ ወደ ፊት ሲንሸራተት የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። ያ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ይቀመጥና መሪውን ይያዝ። ክርኑ ትንሽ እጥፍ ካለ ልክ ነው። እጁ ቀጥ ብሎ ትከሻው ከተወጠረ ቴላዮው ረዝሞበታል። የፍሬን እጀታውን በሁለት ጣት ይሳበው። ካልደረሰበት ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ እጀታዎች ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ እሷን ስታጠብቋት እጀታው ወደ መሪው ይጠጋል። ብዙ ሻጮች ይህችን ብሎን አያሳዩም፣ እናንተ ጠይቁ።

ታዲያ ልጁ ሲያድግስ? ልኩ የሆነ ብስክሌትም የማደጊያ ቦታ አለው። መቀመጫው ከፍ ይላል፣ ወደ ኋላም ይገፋል። መቀመጫውን የተሸከመው ቱቦ ላይ የመጨረሻውን ከፍታ የሚያሳይ መስመር ተቀርጿል። መስመሩ ከቴላዮው ወጥቶ ከታየ ቱቦው ከልክ በላይ ወጥቷል፤ አደጋ ነው። በምትገዙበት ቀን መቀመጫው ዝቅ ብሎ ለልጁ የሚስማማ፣ እስከ መስመሩ ድረስም ገና ብዙ የሚቀረው ከሆነ ለዓመታት ያገለግለዋል። ሲበቃው ደግሞ ለታናሹ ይተላለፋል ወይም ይሸጣል።

«ተቀምጦ ሁለቱም እግሩ መሬት መንካት አለበት»

ገና ለሚለማመድ ልጅ አዎ። መንዳት ለቻለ ታዳጊ ግን እንዲህ ዝቅ ያለ መቀመጫ ጉልበት ጨራሽ ነው። ከፍታውን እንዲህ ለኩት፤ ልጁ ይቀመጥ፣ አንዱን ፔዳል እስከ ታች ያውርደውና ተረከዙን ያሳርፍበት። እግሩ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ሲነዳ በፊተኛው የእግሩ ክፍል ስለሚረግጥ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ ትላለች፤ የሚፈለገውም ያ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ተቀምጦ መሬት የሚነካው በጣቶቹ ብቻ ነው። ሲቆም ከመቀመጫው ወደ ፊት ይወርዳል። ለዚህ ነው ከላይ ያለው ክፍተት የግድ የሚሆነው። ጉልበቴን አመመኝ የሚል ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ መቀመጫው በጣም ዝቅ ብሎ እንደሆነ እዩ።

«26 ኢንች ከሆነ ይሆነዋል»

26 የጎማው ልክ ነው፣ የልጁ አይደለም። ባለ 26 ኢንች ጎማ ሆኖ ቴላዮው ትንሽ የሆነም ትልቅ የሆነም አለ። በግምት ቁመቱ ከ135 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ 24 ኢንች፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 26 ወይም 27.5 ይሄዳል። የሚወስነው ግን ቆሞ መለካቱ ነው። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ልጆች የእግር ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል።

ስለ ጎማ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። «26» የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። 26×1.95 ተብሎ በነጥብ የተጻፈውና 26×1 3/8 ተብሎ በክፍልፋይ የተጻፈው አንዱ ባንዱ ቸርኬ ላይ አይገባም። ከመግዛታችሁ በፊት የጎማውን ጎን አንብቡና ጎማውም ከመነዳሪውም በቀላሉ የሚገኝ መሆኑን አጣሩ። የንፋስ መሙያውንም እዩ። እንደ መኪና ወፍራም የሆነው ጎሚስታ ቤት ይሞላል። ቀጭኑ ለብቻው መንፊያ ወይም ማገናኛ ይፈልጋል።

«ማርሹ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው»

ባለ 21 ማርሽ ማለት ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ነው። 3 ጊዜ 7፣ 21። ግን 21 የተለያየ ጉልበት አታገኙበትም። በርካሽ ማውንቴን ብስክሌቶች ላይ የተለመደውን እንውሰድ፤ ከፊት ባለ 42፣ ባለ 34 እና ባለ 24 ጥርስ፤ ከኋላ ከ14 እስከ 28 ጥርስ። የፊቱን 34 ለኋላው 20 ስታካፍሉ 1.7 ይመጣል። የፊቱን 24 ለኋላው 14 ስታካፍሉም 1.7 ነው። በቁጥር ሁለት፣ እግር ላይ ግን አንድ። እንዲህ የሚደጋገሙ ብዙ ናቸው።

ለእኛ ከተሞች ቁም ነገሩ በጣም ቀላሉ ማርሽ ምን ያህል ቀላል ነው የሚለው ነው። የፊቱ ትንሹ 24፣ የኋላው ትልቁ 28 ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ለሚነዳ ልጅ የሚያድነው ይሄ ነው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ለሚኖር ልጅ ግን መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ማርሽ የሌለው ብስክሌት እንኳ ይበቃዋል። የሚበላሽም ነገር ይቀንሳል። አሁን ደግሞ ከፊት አንድ ብቻ፣ ከኋላ 8 ወይም 9 ያላቸው እየመጡ ነው። ለጀማሪ ታዳጊ ይበልጥ ይቀላሉ። በአንድ እጅ ብቻ ይቀየራሉ፣ ሰንሰለታቸውም ብዙም አይወልቅም።

«ከፊትም ከኋላም ሾክ ካለው ጠንካራ ነው»

ሾክ ንዝረት እንዲውጥ የሚገጠመው ሞላ ነው። ልጆች ዓይናቸው የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። መሀሉ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ሞላ ያለው ብስክሌት ፊልም ላይ ያለውን ይመስላል። እውነቱን ለመናገር በርካሽ ዋጋ ከተሸጠ ከሁሉም የማይሻለው እሱ ነው። ዳገት ላይ ልጁ ፔዳሉን ሲረግጥ ጉልበቱ ጎማውን ማዞሩን ትቶ ሞላውን ይጨምቃል። ብስክሌቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወደ ፊት ግን አይሄድም። የኋላው ክፍል የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ቶሎ ይላላል፤ ከላላ በኋላ የኋላው ጎማ ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህን የሚያስተካክል ዕቃ ማግኘትም ቀላል አይደለም። ጥሩ ባለ ሁለት ሾክ ብስክሌት የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ ዋጋው ግን የአንድ ታዳጊ የመጀመሪያ ብስክሌት ዋጋ አይደለም።

የፊት ሾክ ብቻ ያለው መካከለኛ ምርጫ ነው። ፍሬን ይዛችሁ መሪውን በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑትና ልቀቁት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። ተስፈንጥሮ እጃችሁን ካነሳው ውስጡ ያለው ሞላ ብቻ ነው፤ ከክብደት በቀር የሚጨምረው ትንሽ ነው።

ለኮብልስቶን መንገድ እኔ የምመርጠው ሾክ የሌለው ቀላል ብስክሌት ከሰፊ ጎማ ጋር ነው። ስፋቱ ከ1.75 እስከ 2.1 ኢንች ያለ ጎማ፣ ንፋሱ ድንጋይ እስኪሆን ካልተሞላ፣ ንዝረቱን ራሱ ይውጠዋል። ትንሹና ትልቁ የንፋስ ልክ ብዙ ጊዜ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ለቀላል ልጅ ወደ ትንሹ ጠጋ በሉ። አስፋልት ለሚበዛበት መንገድ የጎማው ፊት ትላልቅ ጥርስ ባይኖረው ይሻላል። ጥርሱ አስፋልት ላይ ድምፅና ድካም ነው።

«ዲስክ ፍሬን ከሌለው አትግዛ»

ዲስክ ፍሬን በዝናብና በጭቃ ይሻላል፣ ይህ እውነት ነው። ግን በካቦ የሚሠራው ርካሹ ዲስክ ቶሎ ቶሎ ማስተካከል ይፈልጋል። ዲስኩ በትንሽ ግጭት ይጣመማል፣ ከተጣመመ ከፍሬን ሸራው ጋር እየታሸ ይጮኻል። ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዘው የተለመደው ፍሬን በደንብ ከተገጠመ ለታዳጊ ክብደት ከበቂ በላይ ነው። ላስቲኩም በርካሽ ይቀየራል። ሁለቱም ላይ ፈተናው አንድ ነው፤ እጀታውን አጥብቃችሁ ስትስቡት መሪውን የሚነካ ከሆነ ገና አልተስተካከለም።

«ከባድ ከሆነ አይሰበርም»

18 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት 45 ኪሎ ለሆነ ልጅ የራሱ ክብደት 40 በመቶ ነው። እሱን ይዞ ዳገት ይወጣል፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነም ደረጃውን ተሸክሞ ይወጣል። አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ ከሆነ ልጁ ራሱ ሱቁ ውስጥ ያንሳው። ጥንካሬው የሚታየው በክብደቱ አይደለም። ብየዳው ወጥ መሆኑን፣ ቸርኬው ሲሽከረከር አለመወላገዱን፣ ፔዳሉን የያዘው ክንድ ወደ ጎን ሲነቀነቅ አለመጫወቱን እዩ።

«ለሴት ልጅ የሴት ብስክሌት»

የላይኛው ብረት ዝቅ ያለው ቴላዮ የመጣው ረጅም ቀሚስ ለለበሰች ሴት እንዲመች ነው። ለመውጣትና ለመውረድ ስለሚቀል ወንድ ልጅም ቢነዳው ነውር የለውም። ሴት ልጅም ልኳ ከሆነ ማንኛውንም ቴላዮ ትነዳለች። ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክላ በብስክሌት ተወዳድራለች። ልጃችሁን ሮዝ ቀለምና የፊት ቅርጫት ያለው ላይ ብቻ አታቁሟት። ምናልባት የሚቀየር ነገር ካለ መቀመጫው ነው፤ ካልተመቻት ለብቻው ይለወጣል።

«ሰርፕራይዝ ይሁን»

አይሁን። ሳይለካ የተገዛ ብስክሌት ዕድል ነው። በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜ ቀለሙም ቅርጹም ለልጁ ትልቅ ጉዳይ ነው። ያላማረውን አይነዳም፤ ይህን እንደ ቅብጠት አትዩት። በጀቱን ንገሩት፣ ልኩ የሆኑትን ሁለት ሦስት ብስክሌቶች እናንተ ለዩ፣ ከእነሱ እሱ ይምረጥ።

«ሄልሜት ለሕፃን ነው»

ታዳጊ ከሕፃን ይልቅ ይፈጥናል፣ መኪና ያለበት መንገድም ይወጣል። ከበጀቱ ላይ መጀመሪያ የሄልሜቱን ዋጋ ለብቻ አስቀምጡ። ግንባሩ ላይ ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ማሰሪያው አገጭ ስር ይጥበቅ። አንዴ አደጋ ላይ የተመታ ሄልሜት ደህና ቢመስልም ይጣል።

«አዲስ ነው፣ ምን ይሆናል?»

አዲስ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ በካርቶን ተፈታቶ ይመጣና ሱቁ ውስጥ በጥድፊያ ይገጠማል። እዚህ ላይ የሚሠራ አንድ ስህተት አለ፤ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ወደ ኋላ ዞሮ ይገጠማል። ብስክሌቱን ከጎኑ ቆማችሁ እዩት። የሹካው ጫፍ ወደ ፊት ማዘንበል ሲገባው ወደ ፔዳሉ ካዘነበለ፣ ወይም ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዘው የፊት ፍሬን ከሹካው ኋላ ከታየ፣ ተገልብጧል። እንዲህ ሆኖ ሲነዳ መሪው ይቅበዘበዛል፣ የልጁ ጫማም ጎማውን ሊነካ ይችላል። ማንም ይንዳው ማን ከሱቁ እንዲህ ሆኖ መውጣት የለበትም።

ፔዳሉንም እዩ። የግራው ፔዳል ጥርስ ከተለመደው ብሎን በተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ይህን የማያውቅ ሰው በግድ ሲያስገባው የክንዱን ጥርስ ይበላዋል። ከዚያ በየሳምንቱ መውለቅ ነው። ፔዳሉ ቀጥ ብሎ ካልገባ ወይም ሲዞር ከተወላገደ አትቀበሉ። ከዚያ የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበታችሁ መሀል ያዙና መሪውን ለማዞር ሞክሩ። መሪው ብቻውን ከዞረ ብሎኑ አልጠበቀም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲሱ የፍሬንና የማርሽ ካቦ ይረግባል። ማርሹ አልገባ ይላል፣ ፍሬኑም ይላላል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ማጥበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሻጩ ይህን የመጀመሪያ ማስተካከያ በነፃ ይሠራላችሁ እንደሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ እሺ ካለም ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።