የሐሩር ክልል አበባ ሰጪ ዕፅዋትን መለየትና መመደብ

ዕፅዋትን መለየት ማለት በእጅ የያዙት ተክል ስም ካላቸው ዝርያዎች የትኛው እንደሆነ ማወቅ ሲሆን፣ መመደብ ደግሞ ዝርያው ከየትኛው ወገን (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) እና አስተኔ (የተቀራረቡ ወገኖች ስብስብ) ጋር እንደሚዛመድ መወሰን ነው። ካርል ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለዕፅዋት ባለ ሁለት ቃል ስሞችን በወጥነት ከሰጠ ወዲህ ምደባው በአመዛኙ የቆመው በአበባ ላይ ነው። የሐሩር ደን ዛፍ ግን አበባውን ከሠላሳ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሊያወጣ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ሊያብብ፣ አንዳንዱም ለዓመታት ሳያብብ ሊቆይ ይችላል። ብዛቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ በቦርኔዮ ደሴት በሚገኘው የላምቢር ደን፣ 52 ሄክታር በሆነ አንድ የጥናት ቦታ ላይ ብቻ ከ1,000 በላይ የዛፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል።

ስለዚህ ደኑን የለመደ ባለሙያ አበባ እስኪያገኝ አይጠብቅም። ግንዱን በቢላዋ ጫር አድርጎ የውስጡን ቀለም ያያል፣ ያሸታል፣ የሚወጣውን ፈሳሽ ይመለከታል። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣና በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ቡቃያውን የሸፈነው ሹል ሽፋን ሲረግፍ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ከተወ፣ ተክሉ ከሾላና ከዋርካ ወገን መሆኑን ይጠረጥራል። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከበቀሉና በሁለቱ አገዳዎች መካከል ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ሽፋን ካለ የቡና አስተኔን ያስባል። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ሲያነሳው ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩትና ሲያሸው መዓዛ ካለው ደግሞ የባሕር ዛፍንና የዘይቱንን (የጓቫን) አስተኔ ከግምት ያስገባል። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልዊን ጄንትሪ በ1993 ለሰሜን ምዕራብ ደቡብ አሜሪካ ያሳተመው መመሪያም የተመሠረተው በእንዲህ ዓይነት ምልክቶች ላይ ነው።

የተቆረጠው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይደርቅና በሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች በሚጠበቁበት ማዕከል፣ ይቀመጣል። ሲደርቅ የአበባው ቀለምና ሽታ ስለሚጠፋ፣ ሰብሳቢው በቦታው የጻፈው ማስታወሻ ከናሙናው የማይተናነስ ዋጋ አለው፤ ማስታወሻ የሌለው ናሙና ግማሽ ምስክር ነው። ለአዲስ ዝርያ ስም ሲወጣም ስሙ የሚታሰረው ከአንድ የተመረጠ ዋቢ ናሙና ጋር ነው።

ከ1998 ጀምሮ አስተኔዎችና አስተኔዎችን የሚያሰባስቡት ክፍለ መደቦች በዘረመል ማስረጃ እንደገና ተደራጅተዋል። ለውጡ ቀድሞ የታወቁ ስሞችንም አልማረም። አካሺያ ይባል የነበረው ሰፊ ወገን አንድ ዘር እንዳልሆነ ሲረጋገጥ፣ በ2005 ቪየና ላይ የተካሄደው የዕፅዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ ስሙ በአብዛኛው የአውስትራሊያ ዝርያዎችን ለያዘው ወገን እንዲቀር ወሰነ፤ የአፍሪካ ግራሮችም በአመዛኙ ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ወደተባሉት ወገኖች ተዛወሩ።

ሄርባሪየም መግባት ብቻውን ግን ለስሙ ትክክለኛነት ዋስትና አይሆንም። በ2015 የታተመ ጥናት ኮረሪማ የሚገኝበትን የአፍራሞመም ወገን 4,500 ናሙናዎች መርምሮ፣ ወገኑ በጥልቀት ተጠንቶ ከመጠናቀቁ በፊት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ትክክለኛ ስም እንዳልነበራቸው አሳይቷል። ከአንድ ዛፍ ተቆርጠው ወደተለያዩ አገሮች የተላኩ ቅርንጫፎችም በየሄርባሪየሙ የተለያየ ስም ይዘው የተገኙበት ጊዜ አለ።