በጎንደር የግራፊክስ ካርድ ሙቀት፦ ከየት ይመጣል፣ እንዴት ይፈተሻል

ግራፊክስ ካርድ (በኮምፒውተር ውስጥ ምስልና ከባድ ስሌት የሚሠራው ክፍል) ከባድ ስሌት ሲሰጠው መሞቁ ያለ ነው። የሚስበው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከኤንቪዲያ ኩባንያ ካርዶች አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት፣ አርቲኤክስ 3090 350 ዋት፣ አርቲኤክስ 4090 ደግሞ 450 ዋት ይወስዳሉ። ይህ ሁሉ ሙቀት በሂትሲንኩ (ሙቀት በሚስበው ባለ ክንፍ ብረት) እና በፋኖቹ በኩል ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ችግር የሚባለው ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ ወይም ድርግም ብሎ ሲጠፋ ነው።

ጎንደር ላይ ጉዳዩ በደንብ የሚታወቀው ቪዲዮ አቀናባሪዎች ዘንድ ነው። ጥር የጥምቀትም የሠርግም ወር ነው። ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲቀረጽ የዋለው ቪዲዮ ከሠርጉ ቪዲዮ ጋር ተደራርቦ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ቀንም ሌሊትም ሬንደር ሲያደርግ (የተቀናበረውን ወደ መጨረሻው ቪዲዮ ሲለውጥ) ይከርማል። በብሌንደር (ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም) የሕንፃ ምስል የሚያወጡ የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎችም አሉ። የኤክስሬይ ምስል ወይም የአማርኛ ጽሑፍ የሚለይ ሞዴል የሚያሠለጥን ተማሪም ከዚሁ ችግር ጋር ይገናኛል።

ጌም ላይ ችግር ያልነበረው ካርድ ሬንደር ላይ ለምን ይሞቃል? ጌም ሲጫወቱ ጫናው ከፍ ዝቅ ይላል። ትዕይንት ሲቀየር፣ ሜኑ ሲከፈት ካርዱ ትንሽ ትንፋሽ ያገኛል። ሬንደርና የሞዴል ሥልጠና ግን ለሰዓታት ካርዱን እስከ ጫፍ ይዘውት ይቆያሉ። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ሰላም የነበረው ካርድ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) እና ክፍሉ ከሞቁ በኋላ ነው ጉዱ የሚታየው።

ከፍታውና አየሩ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 77 በመቶ ያህል ነው። ፋኑ ያው ፋን ነው፣ የሚዞረውም ያንኑ ያህል ነው። የሚገፋው አየር ግን ሳስቷል። ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ አየሩ ራሱ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ካርድ በአንድ ዓይነት የክፍል ሙቀት ቢሠራ፣ ጎንደር ላይ ከጅቡቲ ወደብ ይልቅ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። ውጭ አገር ባሕር ዳርቻ ላይ ተፈትኖ የወጣ የሙቀት ሠንጠረዥ እያዩ «የእኔ ካርድ ለምን ከዚህ በለጠ?» ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

የሰርቨር ክፍል መሐንዲሶች ይህን በቁጥር አስቀምጠውታል። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው መመሪያ አለ። በዚያ መመሪያ ኤ2 የተባለው ምድብ መሣሪያ እስከ 35 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል እንዲሠራ ይፈቀዳል። ከ900 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ለጎንደር ሲሰላ 4 ዲግሪ ገደማ ይወርድና ጣሪያው 31 ላይ ይቆማል። መመሪያው የተጻፈው ለሰርቨር ቢሆንም የቤት ኮምፒውተርም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

ደግነቱ ከተማዋ ወይና ደጋ ናት። መተማ ያለ ሰው አየሩ ወፈር ይልለታል፤ ግን ቀኑ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ምን ዋጋ አለው? ጎንደር ላይ በጣም የሚሞቀው መጋቢትና ሚያዝያ ሲሆን ያኔም ቢሆን ቀኑ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ከፍታው የወሰደውን ቅዝቃዜው ይመልሰዋል ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ሙቀት በዛ ሲባል ጥፋቱን በአየር ጠባይ ማላከክ የማያዋጣው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከቤት ነው።

ቤቱ ራሱ ልዩነት ያመጣል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ወይም የኮንቴይነር ሱቅ ቀትር ላይ ከውጭው በላይ ይሞቃል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው አሮጌ ቤት በዚያው ሰዓት ቀዝቀዝ ብሎ ይገኛል። ሙሉ ቀን 350 ዋት የሚያወጣ ካርድ በር ተዘግቶበት በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሠራ ክፍሉን ራሱ ያሞቀዋል። ከዚያ የሞቀውን አየር መልሶ ይስባል። መስኮት መክፈት አዲስ ፋን ከመግዛት የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ካቻቢቴ ከመነሳቱ በፊት

በጣም የተለመደው ስህተት ገና ምንም ሳይለኩ ካርዱን መፍታት ነው። መጀመሪያ ቁጥር ይነበብ። ዊንዶውስ ላይ ጂፒዩ-ዚ እና ኤችደብሊውኢንፎ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ብዙ ያሳያሉ። ሊኑክስ ላይ ከኤንቪዲያ ድራይቨር ጋር የሚመጣው ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ የተባለው ትዕዛዝ አለ። ሙቀቱን፣ የሚወስደውን ዋት፣ የፋኑን ፍጥነት፣ ካርዱ ፍጥነት የቀነሰበትንም ምክንያት ይናገራል።

ሦስት ሙቀቶች መለየት አለባቸው። አንዱ የቺፑ ጠቅላላ ሙቀት ነው። ሌላው ሆትስፖት የሚባለው፣ ቺፑ ላይ በጣም የሞቀው ነጥብ ነው። ሦስተኛው የሜሞሪው ነው። ቺፑ በከባድ ሥራ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ቢሆን አያስጨንቅም። በርካታ የኤንቪዲያ ካርዶች 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነት መቀነስ ይጀምራሉ። ለአርቲኤክስ 3080 እና 3090 ኩባንያው ያስቀመጠው የመጨረሻ ገደብ 93 ነው፤ ለ4090 ደግሞ 90። (ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ነው። ገደቡ ላይ የደረሰ ቺፕ በከተማዋ ልክ የፈላ ጀበና ነው።) በሌላው ካርድ ሠሪ በኤኤምዲ አርኤክስ 6000 እና 7000 ካርዶች ሆትስፖቱ እስከ 110 ሊሄድ ይችላል፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ይገድባል።

ሆትስፖቱ ከቺፑ ሙቀት በ10 ወይም 15 ዲግሪ ቢበልጥ ጤናማ ነው። ልዩነቱ ከ25 ካለፈ ግን ፔስቱ (በቺፑና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቋል ወይም ሂትሲንኩ በደንብ አልተቀመጠም ብሎ መጠርጠር ይገባል። አንዳንዴም ጥፋቱ ከፋብሪካ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ኤኤምዲ የራሱ ዲዛይን ከሆኑት 7900 ኤክስቲኤክስ ካርዶች በጥቂቶቹ የማቀዝቀዣው የእንፋሎት ክፍል (ውሃ እየተነነ ሙቀት የሚወስድበት ዝግ ብረት) ውስጥ በቂ ውሃ እንዳልነበረ አምኗል። ሆትስፖታቸው 110 ላይ ይጋጭ ነበር። እንዲህ ያለውን ፔስት በመቀየር ማዳን አይቻልም።

ሜሞሪው ብዙ ሰው የማያየው ነው። አርቲኤክስ 3080 እና 3090 ላይ ያለው ጂዲዲአር6ኤክስ ሜሞሪ 110 ዲግሪ ሲደርስ ካርዱ ይዘገያል። ቺፑ 70 ላይ ተቀምጦ ሥራው የሚንቀራፈፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። በተለይ 3090 ግማሹ ሜሞሪ በጀርባው በኩል ነው። ጀርባው አየር ካላገኘ ከፊት ያሉት ፋኖች ብቻቸውን አይበቁትም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚናገረው አወጣጡ ነው። ሥራው በተጀመረ በሰከንዶች ውስጥ ወደ 85 የሚዘል ካርድ ችግሩ እላዩ ላይ ነው፦ ፔስት፣ የሂትሲንክ አቀማመጥ፣ ያልዞረ ፋን። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ኬዙ ወይም ክፍሉ ነው። ይህን ለማረጋገጥ የኬዙን የጎን ክዳን አውልቆ ያንኑ ሥራ ማስኬድ ነው። ሙቀቱ በግልጽ ከወረደ ካርዱ ንጹሕ ነው፤ የታፈነው ኬዙ ነው።

ሥራ ሳይኖር ፋኑ ቆሞ ቢገኝ መደንገጥ አያስፈልግም። ብዙ ዘመናዊ ካርዶች ቺፑ 50 ወይም 60 ዲግሪ እስኪደርስ ፋናቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ። ሥራ ተጀምሮም አንዱ ፋን ካልተነሳ ግን ሌላ ነገር ነው።

አቧራ፣ ጭስና ዳንቴል

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት አቧራው ብዙ ነው። አቧራ ብቻውን ደረቅ ስለሆነ ይነፋል፣ ይወጣል። አስቸጋሪ የሚሆነው ከጭስ ጋር ሲቀላቀል ነው። ቡና በሚቆላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት፣ ከሰል በሚነድበት ክፍል ያለ ካርድ ቅባት ያለው አቧራ ይይዛል። ይህ በሂትሲንኩ ክንፎች መሀል ተለጥፎ እንደ ጨርቅ ይሆናል። በክረምቱ እርጥበት ደግሞ ይጋገራል። ፋኑ እየጮኸ ሙቀቱ የማይወርድበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ቡናው ይቅር አልልም፤ ኮምፒውተሩ ሌላ ክፍል ይሁን።

ኬዙ ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ ያለ ነገር ላይ ቢቀመጥ ብዙ ይረዳል። ላዩ ላይ የሚደፋው ዳንቴል ያምራል፤ ነገር ግን ብዙ ኬዞች ሙቅ አየር የሚያወጡት በላይ በኩል ነው። ሥራ ላይ እያለ መነሳት አለበት።

ለማጽዳት ጎሚስታ ቤት ወስዶ በጎማ መንፊያው ማስነፋት የተለመደ ነው። አይመከርም። የኮምፕረሰሩ አየር ግፊቱ ከባድ ነው፤ ውሃና ዘይትም ይዞ ይመጣል። ለኮምፒውተር የተሠራ ትንሽ ብሎወር ወይም ለስላሳ ብሩሽ ይሻላል። በሚነፋበት ጊዜ ፋኑ በጣት መያዝ አለበት። በንፋሱ ኃይል ከመጠን በላይ ከዞረ ቦሎቤራው ይጎዳል። ሁሉም የሚደረገው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ነው።

ያለ ገንዘብ የሚሠራ መፍትሔ

እኔ ብጠየቅ ከጽዳት ቀጥሎ የማዘው የኃይል ገደብ ነው። ካርዱ የሚወስደውን ዋት በሶፍትዌር ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር፣ ሊኑክስ ላይ ቅድም የተጠቀሰው የኤንቪዲያ ትዕዛዝ ይህን ይሠራሉ። 350 ዋት የሚወስደው ካርድ 280 ላይ ቢገደብ 70 ዋት ሙቀት ጠፋ ማለት ነው። የፍጥነቱ ኪሳራ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የመጨረሻዋን ጥቂት ፍጥነት ለማግኘት ካርዱ ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል፤ ኃይሉ ደግሞ በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ይጨምራል። ያቺ የመጨረሻ ጥቂት ፍጥነት በጣም ውድ ናት። ለሌሊት ሬንደር ማንም ልዩነቱን አያውቀውም።

የፋኑን ፍጥነት በእጅ ከፍ ማድረግም ይቻላል። ይጮኻል። በሳሳ አየር ግን ፋን ቀድሞ እንዲነሳ ማድረጉ ምክንያታዊ ነው።

ፔስት መቀየር የመጨረሻው እርምጃ ነው። ካርዱ ትንሽ ሞቅ ብሎ ሲፈታ የደረቀው ፔስት በቀላሉ ይለቃል። በግድ ከተነቀለ ቺፑ ሊሰበር ይችላል። አሮጌው ፔስት በአልኮል ይጠረጋል። ፋርማሲ ያለው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሜሞሪው ላይ ያሉት ለስላሳ ፓዶች ደግሞ ውፍረታቸው መለካት አለበት። 1 ሚሊ ሜትር የነበረው ቦታ 1.5 ከገባ ሂትሲንኩ ቺፑን በደንብ ሳይነካ ይቀራል። ፔስት ቀይረው ሙቀቱ ባሰባቸው ካርዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህ ነው። ብሎኖቹ በሰያፍ፣ ተራ በተራ ይጠብቃሉ።

ሙቀት የሚመስል ግን ሙቀት ያልሆነ

ኮምፒውተሩ በሥራ መሀል በድንገት ጠፍቶ ራሱን ካስነሳ፣ ሙቀቱም እስከዚያ 70 ከነበረ፣ ተጠርጣሪው ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ነው። ትልልቅ ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈላቸው ዋት በላይ ይስባሉ። የደከመ ፓወር ሰፕላይ ያን አይችልም። ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ የሚተካው ባትሪ) እንደዚሁ። ላዩ ላይ የተጻፈው ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ዋት አይደለም። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። 3090 ያለው ኮምፒውተር በሙሉ ጫና ሲሠራ ከዚያ ያልፋል።

መብራት በድንገት ሲሄድ ፋኑም አብሮ ስለሚቆም ካርዱ ይቃጠላል የሚል ስጋት ይሰማል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሙቀት መፍጠሩም አብሮ ይቆማል፤ ሂትሲንኩ የቀረውን ይውጠዋል። የሚያስፈራው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ነው። ለዚያ ስታብላይዘር አለ። የሞዴል ሥልጠና የሚያስኬድ ሰው ደግሞ የደረሰበት ሥራ በየመሀሉ ሴቭ እንዲደረግ ማዘዝ አለበት።

ያገለገሉ ካርዶች

ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩን (በስሌት ኃይል አዲስ ገንዘብ ማውጣቱን) ካቆመ በኋላ ብዙ ያገለገሉ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ፈሰሱ። ቺፓቸው ደህና ሊሆን ይችላል። ፋናቸውና የሜሞሪ ፓዳቸው ግን ሲደክም የኖረ ነው። ሲገዙ የሜሞሪውን ሙቀት ለግማሽ ሰዓት ሥራ ላይ ሳያዩ ገንዘብ አለመስጠት ነው።

ሌላው ወጥመድ እንደ ቴስላ ፒ40 ያሉ የሰርቨር ካርዶች ናቸው። 24 ጊጋባይት ሜሞሪ በርካሽ ስለሚገኝ ተማሪ ይወዳቸዋል። ፋን የላቸውም። የተሠሩት ሰርቨሩ ራሱ በኃይል አየር እንዲገፋባቸው ነው። ተራ ኬዝ ውስጥ ከገቡ በደቂቃዎች ይግላሉ። ከኋላቸው ጠንካራ ፋን በፕላስቲክ ቱቦ መግጠም የግድ ነው፤ ድምፁንም መቻል ነው።

ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብና መስመር መታየት ከጀመረ፣ ካርዱ ቀዝቅዞም ካልተወ፣ ማቀዝቀዝ አያድነውም። ቺፑ ወይም ሜሞሪው፣ ወይም ከሰሌዳው ጋር ያያያዛቸው ብየዳ ተጎድቷል። ምድጃ ውስጥ አስገብቶ ማሞቅ የሚባለው ዘዴ ቢሠራ እንኳ ለሳምንታት ነው፤ ጭሱም መርዛማ ነው። የሚረዳው ቺፑን አንስቶ እንደገና የሚበይድ ማሽን ያለው ባለሙያ ነው። እስከዚያ ኃይሉን በጣም ዝቅ አድርጎ ማሠራት ይሞከራል፤ የሚወጣው ሬንደርም ሆነ የስሌት ውጤት ግን በሌላ ኮምፒውተር ካልተረጋገጠ አይታመንም።