የኢንክጄት ፕሪንተርን ለጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ኅትመት ማስተካከል

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በኢንክጄት ፕሪንተር ማተም ባለ ቀለም ከማተም ይቀላል የሚል ግምት በስፋት አለ። ሥራውን የሚያውቁት ግን ከሁለቱ የሚያስቸግረው ጥቁርና ነጩ እንደሆነ ይናገራሉ። በባለ ቀለም ፎቶግራፍ ላይ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ማድላት በልብስና በሰማይ ቀለማት መካከል ተሸሽጎ ያልፋል፤ በግራጫ ላይ ግን መሸሸጊያ ስለሌለው ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ካሊብሬሽን የሚባለው የማስተካከል ሥራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዓላማውም በፋይሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የግራጫ ደረጃ ወረቀት ላይ ምን ያህል ጠቁሮ እንደሚወጣ ለክቶ፣ ከነጩ ወረቀት እስከ ድፍን ጥቁሩ ያለው መንገድ ሳይዘልና ሳይደፈን ደረጃ በደረጃ እንዲወርድ ማድረግ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የሚመነጨው ከቀለሙ ነው። ተራ ፕሪንተር የሚይዘው አንድ ጥቁር ቀለም ስለሆነ፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ በእሱ ብቻ ሲሠራ ጠብታዎቹ ተበታትነው እንደ አሸዋ ይታያሉ። ስለዚህ ፕሪንተሩ ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጄንታ (ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀይ) እና ቢጫን ደባልቆ ግራጫ ይፈጥራል። ይህ ድብልቅ በቀን ብርሃን ንጹሕ ግራጫ መስሎ፣ በአምፖል ሥር ግን ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል፤ ባለሙያዎች ሜታሜሪዝም ይሉታል። መፍትሔ የተገኘው የተለያየ ድምቀት ያላቸውን ጥቁርና ግራጫ ቀለሞች በአንድ ፕሪንተር ላይ በመጫን ነው። በአሜሪካ የቨርሞንት ግዛት የሚሠራው የኅትመት ባለሙያ ጆን ኮን በባለ ቀለሞቹ ካርትሪጆች ቦታ ግራጫዎችን የሚተካ ፒየዞግራፊ የተባለ ዘዴ አስተዋወቀ። የፕሪንተር አምራቹ ኤፕሰንም በ2005 እ.ኤ.አ. ድፍን ጥቁር፣ ፈዛዛ ጥቁርና ይበልጥ የፈዘዘ ጥቁር በአንድ ላይ የሚሠሩበትን አልትራክሮም ኬ3 የተባለ ቀለም ለገበያ አቀረበ። የእነዚህ ጥቁሮች መሠረት በዋናነት ካርቦን ነው፤ የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ከጥላሸት ያዘጋጁት ቀለም በብራና ላይ ለዘመናት ሳይደበዝዝ የኖረውም በዚሁ በካርቦን ነው።

ወደ ልኬት ከመገባቱ በፊት ፕሪንተሩ ራሱ ጤነኛ መሆን አለበት። ኖዝል የሚባሉት ቀለሙን የሚረጩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች መፈተሻ ታትሞ አንዲት መስመር እንኳ ተቆርጣ ከተገኘች፣ መጀመሪያ ኖዝሎቹ ያሉበት የፕሪንተሩ ጭንቅላት ይጸዳል፤ በተዘጋ ኖዝል የተገኘ ቁጥር ችግሩን እንደ ቋሚ ጠባይ መዝግቦ ያስቀምጠዋልና። ወረቀቱና ጥቁሩም መስማማት አለባቸው፦ ማት ጥቁር የሚባለው ቀለም ለማት (ለማያንጸባርቅ) ወረቀት፣ ፎቶ ጥቁር የሚባለው ደግሞ ለአንጸባራቂና ባራይታ ለሚባለው፣ የባሪየም ሰልፌት ንጣፍ ላለው ወረቀት ነው። የጥቁረት መለኪያው ዴንሲቲ ይባላል። ጥሩ ማት ወረቀት 1.6 ወይም 1.7 ላይ ሲደርስ፣ ባራይታ ከ2.2 ሊያልፍ ይችላል። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ቢመስልም፣ 1.6 ማለት ወረቀቱ ካረፈበት ብርሃን 2.5 በመቶ ያህሉን ሲመልስ፣ 2.3 ግን ግማሽ በመቶ ብቻ መመለስ ማለት ነው። ወረቀት በተቀየረ ቁጥር ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ቀጥሎ የሚወሰነው የቀለም መጠን ጣሪያ ነው። ቀለም በጨመረ ቁጥር ወረቀቱ እየጠቆረ ይሄዳል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ነጥብ በኋላ ጥቁረቱ ይቆማል፣ በማት ወረቀት ላይም ቀለሙ ከመጠን በላይ እየተከማቸ ጥቁሩ መልሶ ሊገረጣ ይችላል። ጣሪያው የሚቀመጠው ጥቁረቱ መጨመር ባቆመበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ በላይ የሚፈስ ቀለም ጥላማውን ክፍል ደፍኖ ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከነጭ እስከ ጥቁር እኩል የሚጨምሩ 21 ካሬዎች ያሉበት መሞከሪያ፣ ፎቶሾፕም ሆነ ድራይቨሩ (ፕሪንተሩን የሚያዘው የኮምፒዩተር ፕሮግራም) የራሱን እርማት ሳይጨምርበት ይታተማል። ወረቀቱ በደንብ እንዲደርቅ ቢቻል አንድ ቀን ይቆያል፤ ትኩስ ኅትመትና የደረቀ ኅትመት አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም። ከዚያ እያንዳንዱ ካሬ ስፔክትሮፎቶሜትር በሚባል የቀለም መለኪያ መሣሪያ ይለካል። የሚነበበው ከ0 (ድፍን ጥቁር) እስከ 100 (ነጭ) የሚሄደውና የዓይንን አተያይ የሚከተለው የኤል ስታር መለኪያ ነው። ነጩ ወረቀት 96፣ ድፍን ጥቁሩ 16 ቢሆን፣ በመካከሉ ያለው 80 ለ20 እርምጃ ይከፈልና እያንዳንዱ ካሬ ከቀደመው በ4 ዝቅ ማለት አለበት፤ 11ኛው ካሬ 56 ላይ መውደቅ ይገባዋል። ያልተስተካከለ ፕሪንተር ግን ያንኑ ካሬ 45 ላይ ሊጥለው፣ ከ18ኛው እስከ 21ኛው ያሉትን አራቱን ደግሞ አንድ ወጥ ጥቁር ሊያደርጋቸው ይችላል። ፎቶግራፉ ላይ ሲመጣ ይህ ማለት የጥቁር ካፖርት እጥፋት፣ የጠጉር ዘለላ፣ በደብዛዛ ክፍል ጥግ የተቀመጠ ወንበር ሁሉም ተውጠው ይቀራሉ ማለት ነው። የሮይ ሃሪንግተን ኳድቶን ሪፕ የተባለው ሶፍትዌር የተለኩትን ቁጥሮች ተቀብሎ፣ እያንዳንዱ ግራጫ ቀለም የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚወስነውን ኩርባ ራሱ ያርማል። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሌለው ሰው ያንኑ እርማት በፎቶሾፕ የኩርባ ማስተካከያ በእጅ ሊሠራው ይችላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ይሆናል።

እርማቱ ሲያበቃ መሞከሪያው በድጋሚ ታትሞ ይለካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋል። የመጨረሻው ፍተሻ በዓይን ነው፣ እሱም ኅትመቱ በሚሰቀልበት ብርሃን ሥር መሆን አለበት። በጣም በደመቀ መብራት ሥር ጥሩ የታየ ጥላ፣ በሳሎን ግድግዳ ላይ ድፍን ጥቁር ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። የተስተካከለው መሞከሪያ ከጀርባው የወረቀቱ ዓይነት፣ የቀለሙ ዓይነትና ቀኑ ተጽፎበት ብርሃን በማይደርስበት ፋይል ይቀመጣል። ከወራት በኋላ አዲስ ካርትሪጅ ሲገባ አዲስ መሞከሪያ አትሞ ከእሱ ጎን ማስተያየት ይቻላል፤ ካሬዎቹ ከተለያዩም ልኬቱ ዳግም ይሠራል።