ለሉፐስ የሚሰጠው የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ምንድን ነው?

ጎንደር ማራኪ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ስልኳን ይዛ መጣች። ካናዳ ያለው ወንድሟ «እህት ዓለም፣ ለልጅሽ በሽታ ስቴም ሴል የሚባል ሕክምና አለ» ብሎ ጽፎላታል። ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው፤ ሉፐስ ኩላሊቷን ነክቶባታል። እናትየው ገና ሳትቀመጥ «ታናሽ ወንድሟ ይሰጣታል እንዴ?» አለችኝ።

ያሳታት ስሙ ነው። ንቅለ ተከላ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው፦ ጤነኛው ይሰጣል፣ የታመመው ይቀበላል። በሉፐስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰጪዋም ተቀባይዋም ራሷ ታማሚዋ ናት። ቀዶ ጥገናም የለውም።

ሉፐስ የሰውነት ዘበኛ፣ ማለትም በሽታ ተከላካዩ፣ የገዛ ቤቱን ሲወጋ የሚመጣ በሽታ ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትን፣ አንዳንዴም አንጎልን ያጠቃል። ልጆች ላይ ከአዋቂዎች ይልቅ ይከፋል። ፊት ላይ የሚወጣውን ሽፍታ እኛ አገር ማድያት ነው ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ የደጋ ፀሐይ ደግሞ ያባብሰዋል። ጎንደር ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ከመተማና ከሁመራ ቆላ የሚመጣው ካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው) እንደ ሉፐስ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ያከሳል፣ የደም ሕዋሳትን ያሳንሳል፤ የሉፐስ የደም ምርመራን እንኳ ፖዘቲቭ ሊያደርግ ይችላል። ካላ አዛር ላለበት ልጅ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት መስጠት ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ ይህን ለማጣራት ጊዜ ቢወስድ አይፈረድበትም።

አብዛኞቹ ልጆች በፕሬድኒሶሎን፣ በሃይድሮክሲክሎሮኪን (የወባው የክሎሮኪን ዘመድ ነው)፣ በማይኮፌኖሌት ወይም በሳይክሎፎስፋማይድ ይረጋጋሉ። ንቅለ ተከላው የሚታሰበው እነዚህ ሁሉ አልመልስ ላሏቸው ጥቂቶች ነው።

ለአክስቴ ልጅ በእንጀራ አስረዳኋት። ሊጡ ተበላሸ እንበል። ጥቂት እርሾ ታስቀሪያለሽ፣ ሊጡን ትደፊያለሽ፣ ቡሃቃውን አጥበሽ በእርሾው እንደገና ታቦኪያለሽ። እዚህም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ በመድኃኒትና በመርፌ ስቴም ሴሎቹ፣ ማለትም የደም ሕዋሳት ሁሉ የሚፈልቁባቸው እናት ሕዋሳት፣ ከመቅኔ ወደ ደም እንዲወጡ ይደረጋል። ማሽን ደሟን እየሳበ እነሱን ለይቶ ያስቀራል፣ የቀረውን ይመልስላታል። የተለዩት በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛሉ። ቀጥሎ ከፍተኛ መጠን ያለው ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ከጥንቸል ወይም ከፈረስ ደም ከሚዘጋጅ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ይሰጥና የተሳሳተው ዘበኛ ይጠረጋል። በመጨረሻ የተቀመጡት ሴሎች ቀልጠው እንደ ደም በክንድ ወይም በአንገት የደም ሥር ይገባሉ፤ መቅኔውን ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል።

እንግዲህ ሥራውን የሚሠራው መጥረጊያው መድኃኒት ነው። ስቴም ሴሉ ከጠረጋው በኋላ ደሟን መልሶ የሚያቆም ነው እንጂ ሉፐስን በራሱ አይፈውስም። ስሙ ይህንን ይደብቃል፤ «የስቴም ሴል መርፌ ወግተን በአንድ ቀን እንሸኛችኋለን» የሚሉ ነጋዴዎችም የሚጠቀሙት በዚሁ ነው።

እሷ ግን ሞኝ አይደለችም። «እርሾው ከዚያው ከተበላሸው ሊጥ አይደል የወጣው?» አለችኝ።

ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቺካጎ ላይ በ50 ከባድ የሉፐስ ታማሚዎች የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ያተኮረው ልጆች ላይ አልነበረም። አምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው 84 በመቶ፣ ከበሽታው ነጻ ሆኖ የመቆየት ዕድላቸው ደግሞ 50 በመቶ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት እምቢ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ከበሽታው ነጻ ሆኖ የሚቆየው ግማሹ ብቻ ነው። ከጎረቤት እርሾ መዋስ፣ ማለትም ከሌላ ሰው ሴል መውሰድ አይቻልም ወይ? ይቻላል፣ ነገር ግን የተቀበሉት ሴሎች ዞረው የልጅቷን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት ሊወጉ ስለሚችሉ ለሉፐስ ብዙም አይመረጥም።

ከባዱ ጊዜ ሴሎቹ ከገቡ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው። አዲሱ ደም እስኪበቅል ልጅቷ ዘበኛ የላትም፤ ትንሽ ትኩሳት እንኳ ድንገተኛ አደጋ ነው፣ የተኛ ቲቢም ሊነቃ ይችላል። የልጅነት ክትባቷም ከጊዜ በኋላ እንደገና ይሰጣታል። ሳይክሎፎስፋማይድ እንቁላል ማፍሪያን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ስለ ነገ ልጅ መውለዷ ከሕክምናው በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። ይህንን ስነግራት ዝም አለች።

በቅርቡ ደግሞ ካር ቲ የሚባል ሌላ መንገድ መጥቷል፦ የታማሚውን ነጭ የደም ሕዋስ አውጥቶ፣ የገዛ አካልን የሚወጋውን ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱትን ሕዋሳት አሳድዶ እንዲያጠፋ ቀይሮ መመለስ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጀርመን ኤርላንገን ውስጥ አንዲት የ20 ዓመት ወጣት በዚህ ታክማ ሉፐሷ መርገቡ ተዘግቧል።

ማክሰኞ የሽንት ምርመራ ቀጠሮ አላቸው። ወንድሟ የላከውን መልእክት ለሐኪሙ ላሳየው ብላ በወረቀት ገልብጣዋለች፤ ከሥሩም በራሷ እጅ «እስካሁን የትኛው መድኃኒት ተሞክሯል? የቀረስ አለ?» ብላ ጨምራበታለች።