የአይጥ ሞዴሎች በኦቲዝም የዘረመል ጥናት

በኦቲዝም ጥናት «የአይጥ ሞዴል» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በሰው ላይ ከኦቲዝም ጋር የተያያዘ የዘረመል ለውጥ ሆን ተብሎ እንዲኖራት የተደረገች የቤተ ሙከራ አይጥ ናት። አይጥና አይጠመጎጥ በወሬ ስለሚቀላቀሉ መለየት ያሻል፤ እዚህ የሚነገረው ስለ ትንሿ ነው። የተመረጠችው በሦስት ሳምንት ገደማ ስለምትወልድ፣ ልጆቿም በሁለት ወር ውስጥ ለመራባት ስለሚደርሱ፣ ከዘረመሎቿም 99 በመቶ ያህሉ በሰው ዘንድ አቻ እንዳላቸው በ2002 ስለታወቀ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ኦቲዝም ያለባት አይጥ» ማለት ግን ስሕተት ነው። ኦቲዝም በሰው ላይ የሚለየው ማኅበራዊ ግንኙነትንና ተደጋጋሚ ጠባይን በመመልከት እንጂ በደም ምርመራ አይደለም። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪዎች «ኦቲዝም መሰል ጠባይ» ብለው ያልፉታል።

ዝርያዎቹ

የዚህ ሥራ ጎተራ በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር የሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ ነው። ተቋሙን በ1929 የመሠረቱት ክላረንስ ኩክ ሊትል ሲሆኑ፣ ዛሬ አብዛኛው ሙከራ የሚካሄድበት «ሲ57 ብላክ 6» የተባለው ጥቁር ዝርያም ግንዱ ከእርሳቸው እጅ የወጣ ነው። በ1947 የሰደድ እሳት ላቦራቶሪውን ከነአይጦቹ ሲያወድመው፣ ቀድሞ ከዚያ አይጥ የወሰዱ ቤተ ሙከራዎች መልሰው ልከው ዝርያዎቹ እንደገና ተባዙ። ውለታ እንዲህ ሲመለስ ማየት ደስ ይላል። «ቢቲቢአር» የተባለችው ዝርያ ደግሞ ለኦቲዝም ተብሎ ዘረመሏ ሳይነካ ከሌሎች አይጦች ትርቃለች፣ ራሷንም አብዝታ ታጸዳለች፤ ሁለቱን የአንጎል ንፍቆች የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይም የላትም።

አንድን ዘረመል ለይቶ የማጥፋት ዘዴ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተገኘ፤ ማሪዮ ካፔኪ፣ ማርቲን ኢቫንስና ኦሊቨር ስሚዚስ በ2007 ኖቤል ተሸለሙበት።

ጠባይ እንዴት ይለካል?

ዋናው መለኪያ ጃክሊን ክሮውሊና ባልደረቦቻቸው በ2004 ያስተዋወቁት ባለሦስት ክፍል ሣጥን ነው። አይጧ መካከለኛው ክፍል ውስጥ ትለቀቃለች። በአንደኛው ጎን በሽቦ ቅርጫት የተያዘች እንግዳ አይጥ፣ በሌላው ጎን ባዶ ቅርጫት ይኖራል። ለውጥ የሌለባት አይጥ ከእንግዳዋ ዘንድ ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያለች። ከእናታቸው የተለዩ ጨቅላ አይጦች የሚያሰሙት፣ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ በመሆኑ ለሰው ጆሮ የማይደርስ ጩኸትም በልዩ ማይክሮፎን ይቀረጻል። ብይ በመቅበር የሚለካውም አለ፤ ይህ ግን የጭንቀት ምልክት ይሁን ተራ የመቆፈር ልማድ አከራካሪ ነው።

ከዘረመል ወደ ጠባይ

መጀመሪያ የደረሰችው የፍራጃይል ኤክስ (ብዙ ጊዜ ከኦቲዝም ጋር የሚታይ፣ በዘር የሚመጣ የአእምሮ ዕድገት እክል) አይጥ ናት። የኔዘርላንድስና የቤልጅየም ተመራማሪዎች በ1994 አቀረቧት። ከእርሷ በተገኘው ዕውቀት የተነሡ መድኃኒቶች ተስፋ ቢጣልባቸውም፣ የመድኃኒት አምራቹ ኖቫርቲስ ማቮግሉራንት የተባለውን ለፍራጃይል ኤክስ መሞከሩን በ2014 አቋርጧል። ጥፋቱን በአይጧ ላይ ማላከክ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ መድኃኒቱ ያኔ የተሞከረው በጎረምሶችና በአዋቂዎች እንጂ አንጎላቸው ገና በሚገነባ ሕፃናት ላይ አልነበረም።

ኒውሮሊጂን 3 የተባለው ዘረመል በስዊድናውያን ወንድማማቾች ላይ ተለውጦ የተገኘው በ2003 ነው። በ2007 የቶማስ ዙድሆፍ ቡድን ያንኑ ለውጥ የያዙ አይጦች ማኅበራዊ ጠባያቸው መቀነሱን፣ ቦታን የማስታወስ ችሎታቸው ግን መጨመሩን ዘገበ። በዓመቱ ሌላ ቡድን ተመሳሳይ ለውጥ ባላቸው አይጦች ላይ ያየው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነበር። የአይጦቹ የዘር መደብ (የቀሩት ዘረመሎቻቸው) መለያየት ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

በደንብ ከተጠኑት አንዱ ሻንክ3 ነው። ይህ ዘረመል የሚያስገኘው ፕሮቲን ሁለት የነርቭ ሕዋሳት በሚገናኙበት ሲናፕስ ላይ፣ በተቀባዩ ወገን፣ እንደ ምሰሶና ማገር ሆኖ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይይዛል። በሰው 22ኛው ክሮሞዞም ጫፍ ላይ የሚገኝ ሲሆን መጉደሉ ፌላን ማክደርሚድ ሲንድረም የተባለውን የዕድገት እክል ያስከትላል። የቶማስ ቡርዥሮን ቡድን በ2007 ከኦቲዝም ጋር አያይዞታል።

በ2011 የጉኦፒንግ ፌንግ ቡድን ዘረመሉ የተጓደለባቸውን አይጦች አሳየ። አይጦቹ ራሳቸውን ከማጽዳት ብዛት ጠጉራቸውን አርግፈው ቆዳቸውን ያቆስሉ፣ ከሌሎችም ይሸሹ ነበር። ጉድለቱ ልማድንና እንቅስቃሴን በሚመራው ስትራያተም በተባለው የአንጎል ክፍል፣ ከአንጎል ቅርፊት መልእክት በሚቀበሉት ሲናፕሶች ላይ ታየ። አንድ ዘረመል፣ አንድ የነርቭ መስመር፣ አንድ ጠባይ በአንድ ክር ሲያያዙ እንዲህ ጎልቶ የታየበት ሥራ ጥቂት ነው።

በ2016 ያው ቡድን ዘረመሉን ገልብጦ፣ ታሞክሲፈን የተባለ መድኃኒት ሲሰጥ ብቻ እንዲቃና አድርጎ ሠራው። በአዋቂነታቸው ዘረመሉ የተመለሰላቸው አይጦች መላላጣቸውን ተዉ፤ ወደ ሌሎችም ቀረቡ። ፍርሃታቸውና በሚሽከረከር በትር ላይ የመቆም ድካማቸው ግን አልለቀቃቸውም። እነዚህ የተሻሻሉት ዘረመሉ በጨቅላነት ሲመለስ ነው።

እነዚህ አይጦች የሚወክሉት ግን አንድ ዘረመል የተበላሸበትን ጥቂት ድርሻ ነው፤ በ2020 የታተመ ሰፊ የሰው ጥናት 102 ዘረመሎችን ከኦቲዝም ጋር አያይዟል። የአይጥ የአንጎል ቅርፊት ከሰው እጅግ ስለሚያንስም በ2019 የፌንግና የቻይና ባልደረቦቻቸው ቡድን ሻንክ3 የተለወጠባቸውን ማካክ ዝንጀሮዎች አቅርቧል። ዝንጀሮዎቹ ለአካለ መጠን ለመድረስ ዓመታት ይፈጃሉ።